ውሃ ያልጠየቀው ሰው

ልጁ ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ጋሼ፣ ይህ ፊልም ውሸት ነው» አለኝ።

የ2017 ነሐሴ ነበር። ከጦሳ የወረደው ጉም ፒያሳን ሸፍኖ፣ ከሱቄ ማዶ ያለው የልብስ ስፌት ቤት እንኳ አይታይም። መብራት አለ፤ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳ ደንበኛ ግን የለም። ጊዜ ስለነበረኝ «የቱ ጋ ነው ውሸቱ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሰውየው በጥፍሩ ይወጋቸዋል። ጥፍሩ ይገባል፣ ይወጣል፤ ሲወጣ ንጹሕ ነው። የተወጉት ወዲያው ይወድቃሉ። ማንም ውሃ አይጠይቅም።»

«ውሃ ለምን ይጠይቃሉ?»

«ደም የፈሰሰው ሰው ውሃ ነው የሚጠይቀው» አለኝ። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም፤ ሁለት ሲደመር ሁለት ስንት እንደሆነ የተጠየቀ ተማሪ እንዲህ ነው የሚመልሰው። ከዚያ የፊልሙ ተከታይ ክፍል እንዳለኝ ጠየቀኝ። የለኝም አልኩት። ነበረኝ። ጃኬቱን ራሱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሰኞ ገበያ በኩል በጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ዕድሜው 11 ነው። እርሱ ከሄደ በኋላ ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ ቆጠርሁ። ጦርነቱ ደሴ በገባ ጊዜ 7 ዓመቱ ነበር ማለት ነው።

ደብተሩ

ሥራዬ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶግራፍ እና ፊልም መጫን ነው። ሰው ፍላሹን ወይም ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፣ ከኮምፒውተሬ መርጦ ያስጭናል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። ፊልሞቹ እኛ ዘንድ የሚደርሱበት መንገድ ሕጋዊ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አልኮራበትም። የምኮራበት አንድ ነገር ቢኖር ደብተሬ ነበር።

በደብተሩ ላይ የእያንዳንዱን የአሜሪካ ፊልም ስም ከነዕድሜ ደረጃው ጽፌያለሁ። ጂ እና ፒጂ ለማንም ይሰጣል። ፒጂ 13 ከፍ ላሉት ልጆች ይሰጣል። አር የሚል ካለበት በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ፤ ለልጅ አይሰጥም። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሱቅ በአካባቢዬ አላውቅም። እናቶች ልጆቻቸውን ብቻቸውን ይልኩልኛል። «አይዞዎት እትዬ፣ ለልጅ የተፈቀደውን ብቻ ነው የምጭንለት» እላቸዋለሁ፤ እነርሱም ያምኑኛል።

ደብተሩን የጀመርኩት እኔ ራሴ ያለ ደብተር ስላደግሁ ነው። በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት የገባሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። በጣውላ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ከትልልቅ ወንዶች መካከል ተቀምጬ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አንድ ሰው በጥይት ሲበጣጠስ አይቼ ማታ እናቴ ጎን ካልተኛሁ ብዬ አለቀስሁ። ለምን እንደማለቅስ ግን መናገር አልቻልሁም፤ ቪዲዮ ቤት መግባቴን ከተናገርሁ የሚጠብቀኝን አውቃለሁ። ስለዚህ ብቻዬን ፈራሁ። ሱቅ ስከፍት ሌላ ልጅ እንዲህ እንዳይሆን ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ፤ ደብተሩም የዚያ ቃል ውጤት ነው።

ያ ልጅ በመጀመሪያ የጠየቀኝ ሎጋን የተባለውን ፊልም ነበር። ጥፍር ባለው ሰው እጅ ውስጥ የትንሽ ልጅ እጅ የሚታይበትን ሥዕል አንድ ቦታ አይቶ ኖሮ እርሱን ፈለገ። ደብተሬ ላይ በቀይ የተሰመረበት ነው። «ይህ ለአንተ አይሆንም» አልኩትና በምትኩ የዚያኑ ጀግና የቀደመ ፊልም፣ ዘ ዎልቨሪን የተባለውን ጫንሁለት። ፒጂ 13 ነው። በደንቡ መሠረት ልጁን ጠበቅሁት ማለት ነው። በማግስቱ ነው እንግዲህ ፍላሹን መልሶ ያን የተናገረኝ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባላል። ልጅ የተናገረው ነው ብዬ ልተወው ሞከርሁ፤ አልተወኝም። እኔ ጦርነቱ በመጣ ጊዜ በጥቅምት 2014 ቤተሰቤን ይዤ በሐረጎ ቁልቁል ወርጄ፣ ኮምቦልቻን አልፌ፣ ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ። ኅዳር አልቆ ስመለስ ሱቄ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ያጣሁት ዕቃ ነው። እርሱና እናቱ ግን ከተማው ውስጥ ቀርተዋል። በዚያ መካከል አንድ የቆሰለ ሰው ደጃፋቸው ላይ ወድቆ፣ እናትየው ጎትታ አስገብታው፣ በነጠላዋ ቁስሉን አስራ እስከ ንጋት እንደቆየች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሰውየው አልነጋለትም። ልጁ የት እንደነበር ግን እኔን ጨምሮ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ቁጥሩ ምን ይቆጥራል?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና የዚህን 13 የሚሉትን ቁጥር ምንጭ ለማወቅ ተነሣሁ። ስለ ፊልሞቹ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የአሜሪካ የፊልም አምራቾች ማኅበር የዕድሜ ደረጃ መስጠት የጀመረው በ1968 ነው። መንግሥት አይደለም የሚሰጠው፤ ኢንዱስትሪው ራሱ ነው፤ ፊልሙን አይተው ደረጃውን የሚወስኑትም ወላጆች ናቸው። መጀመሪያ በፒጂ እና በአር መካከል ምንም አልነበረም። በ1984 ክረምት ሁለት ፊልሞች በፒጂ ወጡ። አንዱ ሁለተኛው ኢንዲያና ጆንስ ነው፤ በውስጡ ከሰው ደረት ልብ በእጅ የሚነቀልበት ትዕይንት አለ። ሌላው ግሬምሊንስ ነው። ወላጆች ተቆጡ። በሁለቱም ፊልሞች ውስጥ እጁ የነበረበት ስቲቨን ስፒልበርግ በመካከል አንድ ደረጃ ይጨመር ብሎ ሐሳብ አቀረበ፤ በዚያው ዓመት ፒጂ 13 ተወለደ። በቅን ልቦና የተወለደ ነው፤ ይህን መካድ አልፈልግም።

ችግሩ ያለው በሚቆጥረው ነገር ላይ ነው። በፒጂ 13 ፊልም ውስጥ ከሩካቤ ጋር የተያያዘው ያ ከባዱ የእንግሊዝኛ ስድብ እንደ ስድብ አንድ ጊዜ ሊባል ይችላል፤ ከዚያ ካለፈ ፊልሙ ብዙውን ጊዜ ወደ አር ይገባል። ለሟቾች ግን እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ደንቡ የሚለው ዓመፁ እንደ እውነት የሚታይ እና እጅግ የከፋ ወይም የማያቋርጥ አይሁን ነው። ፊልም ሠሪዎች ይህን አንብበው መውጫውን አገኙ፦ እንደ እውነት እንዳይታይ አድርገው። ሰዉ ይሙት፣ ደሙ አይፍሰስ። ሰይፉ ይግባ፣ ካሜራው ፊቱን ያዙር። መቶ ሰው ይውደቅ፣ አንዱም አይቃትት። በ2013 በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በፒጂ 13 ፊልሞች ውስጥ ያለው የጠመንጃ ዓመፅ ከ1985 ወዲህ ከሦስት እጥፍ በላይ ማደጉን፣ በ2012 ደግሞ በአር ፊልሞች ውስጥ ካለው መብለጡን አሳይቷል። ይህን ባነበብኩ ማታ ደብተሬን አልከፈትሁትም።

ለካ እኔ ለእናቶች «ለልጅ የተፈቀደ» ስል የነበረው ሞት የቀነሰበትን ሳይሆን ደም የታጠበበትን ነው።

ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን አየኋቸው። በ2013 የወጣውም በ2017 የወጣውም የአንድ ዳይሬክተር፣ የጄምስ ማንጎልድ ሥራ ነው። ጀግናውም አንድ ነው፣ ተዋናዩም ያው ሂዩ ጃክማን ነው። ጥፍሩም ያው ነው። የሚለያያቸው ደረጃው ነው፤ ደረጃው ግን ሁሉን ነገር ለውጦታል። ለሚዛን ያህል፣ የመጀመሪያው ፊልም ጀግናው ራሱ የሚቆስልበትና የሚደክምበት ፊልም ነው። እርሱ የሚወጋቸው ሰዎች ግን ልጁ እንዳለው ናቸው፤ ይወድቃሉ፣ ከዚያ የሉም። የዚያው ፊልም ደም ያለበት ረዘም ያለ ቅጂ ኋላ በዲስክ ወጥቷል። ደሙ መጀመሪያውኑ በሠሪዎቹ ሐሳብ ውስጥ ነበር ማለት ነው፤ ሲኒማ ቤት እስኪያልፍ ድረስ ታጥቦ ቆየ።

ሎጋን ደግሞ ጭካኔው ከባድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ ፊቴን አዙሬያለሁ። ነገር ግን እዚያ ውስጥ የተወጋ ሰው የተወጋ ሰው ነው። ጀግናው አርጅቷል፤ ቁስሉ እንደ ድሮው አይድንም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የታመመ አዛውንት ያስታምማል። አንድ ቦታ ላይ ስለ ራሱ የተሳለውን የኮሚክ መጽሐፍ አንሥቶ ነገሩ እዚያ ላይ እንደተሳለው እንዳልሆነ፣ በእውነተኛው ዓለም ሰው እንደሚሞት ይናገራል። እዚያ ላይ ፊልሙን አቁሜ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ። ልጁ ያለኝ ይህንኑ ነበር። በቀይ እስክሪብቶ የከለከልኩት ፊልም ከልጁ ጋር ተስማማ፤ የተፈቀደው ፊልም ነው ልጁን ያላከበረው።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። ደም የሌለው ፊልም የሚተረከው በወጋው ሰው በኩል ነው። ያ ልጅ በተወጋው ጎን ተቀምጦ ያደረ ነው፤ በዚያ ዓይን ሲያየው ፊልሙ ባዶ ሆነበት።

ክፍል ሁለት መጣ ወይ?

በሱቄ ከሚጠየቁ ጥያቄዎች ሁሉ የሚበዛው «ክፍል ሁለት መጣ ወይ?» የሚለው ነው። እኔም የዕድሜ ደረጃ ፊልሙ ከወጣ በኋላ የሚለጠፍበት ወረቀት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ፊልሙን የሚያሠራው ስቱዲዮ የሚፈልገው ደረጃ ብዙውን ጊዜ ፊልሙ ሳይጻፍ በፊት ይወሰናል፤ በተለይ ተከታይ ክፍል ሲሆን።

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። አር የተባለ ፊልም ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻውን ሊገባ አይችልም። የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ትኬት ቀረ ማለት ነው። አሻንጉሊቱ፣ ቲሸርቱ፣ ከምግብ ቤት ጋር የሚደረገው ማስታወቂያም አብሮ ይቀራል። ለዚህ ነው ስቱዲዮዎች ለአር ፊልም ብዙውን ጊዜ አነስተኛ በጀት የሚሰጡት።

በ1989 የወጣው ባትማን ብዙ ገንዘብ አገኘ። በ1992 የመጣው ተከታይ ክፍል ጨለማና አስፈሪ ሆነ፤ ደረጃው ያው ፒጂ 13 ቢሆንም የፊልሙን አሻንጉሊት ከልጆች ምሳ ጋር በምግብ ቤት ያገኙ ወላጆች ተቃወሙ። በ1995 ለመጣው ሦስተኛ ክፍል ስቱዲዮው ዳይሬክተር ቀይሮ ደማቅ ቀለም ያለው፣ ቀለል ያለ ፊልም አሠራ። የኒንጃ ኤሊዎቹም እንዲሁ ናቸው። የ1990ውን ፊልም ወላጆች ዓመፅ በዛበት ሲሉ፣ በ1991 በወጣው ሁለተኛ ክፍል ኤሊዎቹ ሰይፍና ዱላቸውን ታጥቀው እያለ አይጠቀሙባቸውም ማለት ይቻላል። በልጅነታችን ይህን አይተን «ለምን አይመዝዙትም?» ብለን ተከራክረናል። መልሱን ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።

ሮቦኮፕን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሦስቱንም ክፍል ተከታትለን ነው ያየነው። እንደ ባትማንና እንደ ኤሊዎቹ ከኮሚክ መጽሐፍ የመጣ ባይሆንም በሁለተኛውና በሦስተኛው ክፍል ጽሑፍ ላይ የሠራው ፍራንክ ሚለር የኮሚክ ሰው ነው። የ1987ቱ የመጀመሪያ ክፍል ከአር በላይ የሆነ ደረጃ ተሰጥቶት ደጋግሞ እየተቆረጠ ነው አር የሆነው። ሦስተኛው በ1993 ሲመጣ ፒጂ 13 ሆኖ መጣ። ያን ቀን ከቪዲዮ ቤት ስንወጣ ደስታ አልነበረንም፤ አንድ ነገር እንደተወሰደብን ተሰምቶናል። የመጀመሪያው ፊልም አንድ ፖሊስ እንዴት ባለ ጭካኔ እንደተገደለ አሳይቶ ስለነበር ብረት ለብሶ ሲነሣ እናዝንለት ነበር። በሦስተኛው ግን ብረቱ ብቻ ቀረ።

ከዚያ ዴድፑል የተባለው የኮሚክ ጀግና ፊልም መጣ። ከአሥር ዓመት በላይ ማንም ሊሠራው ሳይፈልግ ቆይቶ፣ በ2014 የሙከራ ቅጂው አፈትልኮ በኢንተርኔት ሲሰራጭ ሰው ስለወደደው ነው የተፈቀደው። በ2016 በአር ደረጃ፣ በ58 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ ከ780 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በዓመቱ ሎጋን ከ600 ሚሊዮን በላይ አገኘ፤ ከሌላ ሥራ ተወስዶ በተጻፈ ምርጥ የፊልም ጽሑፍ ዘርፍም ለኦስካር ታጨ። በ2019 ጆከር በአር ደረጃ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያው ፊልም ሆነ። በ2024 ዴድፑልና ያ ባለ ጥፍሩ ጀግና ዎልቨሪን በአንድ ፊልም ተገናኝተው ከ1.3 ቢሊዮን በላይ ሰበሰቡ።

እዚህ ላይ ብዙ ወጣት ደንበኞቼ «እንግዲያው አር ይሻላል» ይሉኛል። አልስማማም። ሱሳይድ ስኳድ በ2016 በፒጂ 13 ከ740 ሚሊዮን በላይ አግኝቶ፣ በ2021 በአር የመጣው ተከታይ ከ170 ሚሊዮን በታች ነው ያገኘው። የወረርሽኝ ጊዜ መሆኑና በቤት ውስጥም አብሮ መታየቱ ጎድቶታል፤ ደም መጨመሩ ብቻውን ግን አላዳነውም። የጆከር ሁለተኛ ክፍልም አር ሆኖ ሳለ በ2024 ወድቋል። ደም ራሱ ሸቀጥ ሲሆንም አይቻለሁ። ዴድፑል ውስጥ ራስ ሲቆረጥ ሳቅ ነው የሚከተለው። ያም ቢሆን ውሃ የሚጠይቅ ሰው የለበትም።

በዚህ ጉዳይ በጣም የገረመኝ ግን የ2018 ታኅሣሥ ነገር ነው። ሁለተኛው ዴድፑል በዚያው ዓመት በአር ከታየ በኋላ፣ ስድቡ ተሸፍኖ፣ ደሙ ተቀንሶ፣ ጥቂት አዲስ ትዕይንት ተጨምሮበት በፒጂ 13 እንደገና ሲኒማ ገባ። ያው ታሪክ፣ ያው ግጭት፣ ያው ገዳይ። ግንቦት ላይ ለልጅ ያልሆነው ታኅሣሥ ላይ ሆነ።

አር ማለት

የራሴን ስህተት ያገኘሁት ቆይቼ ነው። አር የሚለውን ደረጃ በደብተሬ ላይ «ለልጅ አይሰጥም» ብዬ ነበር የጻፍሁት። ትርጉሙ ግን ያ አይደለም። ከ17 ዓመት በታች የሆነ ሰው ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው ጋር ካልሆነ አይገባም ነው የሚለው። ብቻውን አይይ ይላል፤ አጠገቡ ሰው ይቀመጥ ይላል። ፒጂ 13ም ቢሆን «ተፈቅዷል» አይልም፤ ወላጆችን በብርቱ ያስጠነቅቃል። ሁለቱም የሚናገሩት ለወላጅ ነው። እኔ በመካከል ገብቼ የወላጁን ቦታ በእስክሪብቶ ተካሁት።

እዚያ አገር ደረጃው በር አለው፤ በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው አለ። ወደ እኛ ሲመጣ በሩ ቀርቶ ቁጥሩ ብቻ ነው የደረሰው። ትኬት ቆራጩ እኔ ሆንሁ፤ እናቶች ደግሞ እኔን አምነው ከልጃቸው አጠገብ ተነሡ። ልጁ ፊልሙን የሚያየው በእናቱ ስልክ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው። እኔ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ብቻዬን እንደፈራሁት እርሱም ብቻውን ነው። ደብተሬ ይህን አላዳነም።

አያቴ ትዝ ትለኛለች። በልጅነቴ ለንግሥ ይዛኝ ስትሄድ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የተሣሉትን ታሪኮች እየጠቆመች ታሳየኝ ነበር። ራሱ የተቆረጠው መጥምቁ ዮሐንስ፣ በጦር የተወጋው ዘንዶ፣ ከነእናቱ ወደ እሳት የተጣለው ሕፃኑ ቂርቆስ፣ ሁሉም በተርታ ተሥለዋል። እነዚህም በሥዕል የሚነገሩ ታሪኮች ናቸው፤ ደማቸውም ቀይ ነው። ማንም ዕድሜዬን አልጠየቀም። ነገር ግን የአያቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ነበር። «ይህ ማን ነው? ለምን ቆረጡት? እናቱስ የት ናት?» እላለሁ፤ ትመልስልኛለች። አንዳንዱን ሥዕል ደግሞ «ይህን ስታድግ» ብላ ነጠላዋን ትጋርደኝ ነበር። የምትጋርደኝን የምትመርጠው እኔን አይታ እንጂ ደሙን ቆጥራ አልነበረም።

ቅዳሜ

የልጁ እናት በርበሬ የምትሸጥ ሴት ናት። በመስከረም መጀመሪያ ላይ ሱቄን ልዘጋ ስል ጠርቼ ያልኳትን ልጽፈው ያስቸግረኛል። «እትዬ፣ ልጅዎ ከእኔ ጋር ስለ አንድ ፊልም አውርቶ ነበር» ብዬ ጀመርሁና ስለ ውሃው ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «የከለከልኸውን ፊልም አሳየኝ» አለች።

በሱቄ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሎጋንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። እንግሊዝኛውን በየቦታው እተረጉምላት ነበር። አንዳንድ ቦታ ላይ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች፤ ተነሥታ ግን አልሄደችም። ፊልሙ ውስጥ መግደል የተማረች ትንሽ ልጅ አለች፤ ከዚህ ልጅ ጋር የምትመጣጠን ናት። መጨረሻው ላይ መቃብር አጠገብ ቆማ፣ ሰው የገደለ ሰው ያን ተሸክሞ መኖር እንዳለበት የሚናገር፣ ከድሮ የካውቦይ ፊልም የሰማችውን ቃል ትደግማለች። ስተረጉምላት ሴትየዋ «ይህችን ልጅ አሁን ማን ያሳድጋታል?» ብላ ጠየቀችኝ። ፊልሙ አይናገርም አልኋት።

«ይህ ይቆይ» አለች። «አሁን አይሆንም። ሲያድግ ከእኔ ጋር ያየዋል። ያን ውሸት ነው ያለህን ግን ጫንልኝ፤ ቅዳሜ አብረን እናያለን። አንተም ና፤ ቡና አፈላለሁ።»

እኔ ደብተሬ የከለከለውን እንደምትፈቅድ ወይም እንደምትቆጣ ነበር የጠበቅሁት። እርሷ ከሁለቱም ውጭ የሆነ ነገር መረጠች። ፍላሹን ከነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ሄደች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሄድሁ። ቴሌቪዥኑ በር አጠገብ ነው፤ ያ ሰው ተኝቶበት የነበረው ቦታ ያ መሆኑን የማውቀው ስለ ሰማሁ ነው። ልጁ በእናቱና በእኔ መካከል ተቀመጠ። ረከቦቱ ፊት ለፊታችን ነው። ጀግናው ጥፍሩን አውጥቶ አንዱን ሰው ሲወጋ ልጁ «ይኸው፣ አልጠየቀም» አለ። ሌላው ወደቀ፤ «ይህም አልጠየቀም» አለ። እናቱ ሲኒውን እያጠበች «አዎ፣ አልጠየቀም» ብላ መለሰችለት። እንዲህ እያሉ ጥቂት ቆዩ። እኔ ምንም አልተናገርሁም።

ከዚያ እናቱ፣ ዓይኗን ከሲኒው ሳትነቅል፣ «የእኛ ሰው ሁለት ጊዜ ጠይቆ ነበር» አለች።

«ሦስት ጊዜ ነው» አላት ልጁ። «ሦስተኛውን አንቺ ውሃ ልትቀጂ ገብተሽ ነበር።»

እጇ ሲኒው ውስጥ ቆመ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሰዎች መውደቃቸውን ቀጠሉ፤ ተነሥቶ ያጠፋው አልነበረም።